የኔታ ያበጡ ሰሞን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዐዋጅ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ። የቢቸና ነዋሪ የሆኑት የአቶ ወልደ ሰንበት ግራ ጉልበት ከዛሬ ጧት ጀምሮ በጌታው ላይ ሸፍቷል። ቀኙ ጉልበት ግን በታማኝነቱ እንደጸና ነው። ሕዝቡ ሳይደናገጥ ወደ እርሻውና ወደ ንግዱ ይመለስ።

በቃ፣ የዛሬው ወሬ ይኸው ነው። አቶ ወልደ ሰንበት እኔ ነኝ። ጉልበቱም የኔው።

አበጠ። ስነሳ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጠበቀኝ። ከመደቤ ሳልነሳ ዋልኩ። በመስኮት ግቢውን አያለሁ። ልጄ በላቸው ከመኪናው ሥር ገብቷል፤ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። መኪናዋ ያቺ ከመንግሥት ጨረታ ያነሳት ባለ ሸራ አሮጊት ናት። ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና ሰውና እህል ታመላልሳለች። የቤቱ እንጀራ እሷ ናት። እኔን ትመስላለች፤ ጧት ጧት ታስላለች።

ትናንት ታዘበው ፍሬኗን አደሰላት። ታዘበው የሞጣ ልጅ ነው፤ እዚህ ገበያው ዳር መኪና ይጠግናል። ሲጎድል ይጨምሩበት ብሎ ለበላቸው የፍሬን ዘይት ሰጠው። በምን? በቢራ ጠርሙስ። ምራቴ አምሳለችም ጾሙ ሊገባ ነው ብላ የኑግ ዘይት አስጨምቃ መጣች። በምን? በቢራ ጠርሙስ። ሁለቱም በጨርቅ ተወትፈው ከአንድ መደርደሪያ ላይ ቆሙ።

ጉልበቴን ልሽበት ብዬ፣ "አምሳል፣ እስቲ ያን ዘይት" አልኩ ከመደቤ። በላቸውም በዚያችው ቅጽበት ከመኪናው ሥር፣ "ዘይቱን አቀብይኝ" አለ። ወጣች፣ ገባች፣ ለሁለታችንም አንዳንድ ጠርሙስ አስጨበጠችን። ሁሉም ዘይት ዘይት ይላል እያለች ታጉተመትማለች።

ዘይቱ ደግ ነው። ያቃጥላል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ጉልበቴ ያሳክከኛል። ቁስል ሲያሳክክ ሊድን ነው ይባላል... ማን እንዳለው ግን አላውቅም። ምናልባት እኔው ነኝ ያልኩት።

መኪናዋ ዛሬ አልሄድ አለች። ሞተሩ ይነሳል፣ ያገሳል፣ ማርሽ ይገባል፤ እሷ ንቅንቅ የለም። ጎማዎቿ ተቀርቅረዋል። ፍሬን አልይዝ አለ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ፍሬን አልለቅ አለ ሲባል ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው። በላቸው ይረግጣል፣ እግሩን ያነሳል፤ እግሩ ይነሳል እንጂ ፍሬኑ አይለቅም።

በእናትህ ወገን የወጣች መኪና ናት፣ አንዴ ከያዘች አትለቅም አልኩት በመስኮት። አልሳቀም። ጾም ነው ብሎ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17

ታዘበው መጣ። ረጅም ነው፣ ወሬ ይወዳል፣ እየሠራ ያፏጫል። የልጅ ልጄ ንግስት ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ቤት ነበረች። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛውን ታውቃለች። የመኪናዋን መጽሐፍ ታነብለታለች፣ እሱ ይፈታል።

"ማስተር ሲሊንደር" አለች። ማስተር ማለት ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ጌታም ነው፣ አለቃም ነው፣ መምህርም ማለት ነው አለችኝ። እንግዲያው የኔታ በሉዋ!

ነገሩን እንዲህ ተረዳሁት። የኔታ ከላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የኔታ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይልካሉ። በየጎማው አንዳንድ ደቀ መዝሙር አለ፤ ዘይቱን ይቀበልና ጎማውን ጥርቅም ያደርጋል። እግር ሲነሳ ዘይቱ ወደ የኔታ ይመለሳል፣ ጎማው ይለቀቃል። አሁን ግን የኔታ የላኩትን መልሰው አልቀበልም ብለዋል።

ታዘበው ጎማው ጋ ያለች አንዲት ብሎን ላላ ቢያደርጋት ዘይቱ ጭርር ብሎ ወጣ። ጎማው ወዲያው ተፈታ። አያችሁ፣ ጥፋቱ ከላይ ነው አለ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ጠርጎ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ከራሱ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት ሞልቶ ሄደ። የጎደለችውን ትንሽ በላቸው ማታውን ከጠርሙሱ ጨመረባት።

አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ንግስት ያንኑ ገጽ ደግማ ደጋግማ ነው ያነበበችለት። እሱም እንደ አዲስ ነው የሰማት።

እሑድ፣ ኅዳር 18

ጉልበቴ ተላጠ። መድኃኒቱ ሥር ገባ ማለት ነው... አይደለም እንዴ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 21

ደብረ ወርቅ ማርያም ነግሣ ዋለች። በላቸው ንግሥ የሚሄደውን ሰው ጭኖ ጧት ወጣ። እኔ በጉልበቴ ምክንያት ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ። ጸጉሩም ልብሱም ጭድ በጭድ። የጤፍ ነዶ መስለህ መጣህ ብዬ ሳቅኩበት።

ከዚያ ነገረን። ቁልቁለቱ አናት ላይ ጎማው ጨሰ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሲወርዱ ፔዳሉን ረገጠ፤ ዝም ብሎ ወረደ፣ ወለሉን ነካ። ደጋግሞ መታው። ምንም። ከኋላ ሰው ይዘምራል፣ ማንም አላወቀም። ከመንገዱ ዳር የጤፍ ክምር አየና መሪውን ጠመዘዘ። ክምሩ ዋጣቸው። አንዲት ሴት ጥላዋ ተሰበረ። ሌላ የተጎዳ የለም። ማርያም ናት።

እጁን አየሁት። የያዘው ዋንጫ ውኃው እስኪፈስ ይንቀጠቀጣል። ልጅ ሆኖ ከዋርካ ላይ ወድቆ ተነስቶ የሮጠ ልጅ ነው። እጁን እንዳየሁ ሳቄን ዋጥኩት።

"ታዘበው ሊገድለኝ ነበር" አለ።

ንግስት ከጓዳ ወጥታ መልሳ ገባች።

ዓርብ፣ ኅዳር 23

መኪናዋን በበሬ ጎትተው አመጧት። ታዘበው ሳይጠራ መጣ። ዛሬ አያፏጭም። የኔታን ፈትቶ አወጣቸው፤ ክንድ የማያህል ብረት ናቸው፣ ያን ሁሉ ሰው አንቀጥቅጠው! ከሆዳቸው እንደ መነኩሴ ቆብ ያለች ትንሽ ላስቲክ አወጣ። ጎሚኒ ይላታል። ዘይቱን የምትገፋው እሷ ናት።

ጎሚኒዋ አብጣለች። መኖሪያዋ ጠቧት ዘይቱ የሚመለስባትን ቀዳዳ ደፍናታለች። ዘይቱ አልመለስ ሲል ፍሬኑ ይዞ ይቀራል፤ ይዞ ሲሄድ ይግላል፤ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። እስከዚህ ገባኝ። ግን ለምን አበጠች?

አሮጌ ስለሆነች ነው አለ ታዘበው። ዓይን በልቷት ነው አለ አንድ ጎረቤት። አምሳለች ማርያም ስለት ያስቀራችሁባት ነገር ቢኖር ነው አለች። በላቸው ታዘበውን ብቻ ያያል። እኔም ብሆን አበጥኩ እንጂ ማን ለምን ብሎ ጠየቀኝ?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 3

አዲስ ጎሚኒ ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ መጣች። ታዘበው ገጠማት፣ ሞላ፣ አየር አስወጣ፣ አስረገጠን። ያዘ። ለቀቀ። እሰይ! በላቸው እንኳ ፈገግ አለ። ታዘበው ከሄደ በኋላ በላቸው ሞላ ጎደለ ብሎ አየና ከጠርሙሱ እስከ አፉ ሞላው። ጠንቃቃ ነው። በኔ ነው የወጣ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6

ደግሞ ያዘች! ገበያው መሐል፣ ሰው እየሳቀ።

ጎትተው ግቢ አስገቧት፤ ሰዎቹ ሳይበተኑ ታዘበው የኔታን ከፈተ። አዲሷም ቆብ አብጣለች። ሁለቱን ጎን ለጎን በመዳፉ ይዞ ቆመ፤ እንደሚያነባቸው ያፈጥባቸዋል። አዲስ ነገር እንዴት በሦስት ቀን...? የዚህ ልጅ ስሙ ታዘበው ነው፤ ዛሬ ግን ታዘበ እንጂ አልገባውም።

በላቸው ነው የተናገረው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

"ስማ፣ አንተ ልጅ። ቤቴ ለመመላለስ ብለህ ነው መኪናዬን የምታሳምማት። ያን ሁሉ ነፍስ ልታስፈጅ።"

"ጋሼ፣ እኔ..."

"ከግቢዬ ውጣ። ሁለተኛ እንዳላይህ።"

ታዘበው ቁልፎቹን ለቀመ። እጁ ዘይት ነው፣ ፊቱን ሲጠርግ ጥቁር መስመር ቀረበት። ወጣ።

በኋላ ንግስት አጠገቤ ተቀምጣ አወጣችው። ከገና በኋላ ታዘበው ሽማግሌ ሊልክ ነበር። አባትና እናት የለውም፤ ሞጣ ያለች አክስቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ ናት ያሳደገችው። ሽማግሌዎቹንም እሷው አዘጋጅታለች። አባቷ ይህን ከሰው አፍ ሰምቶ ኖሯል። "አባባ፣ እሱ እንዲህ አያደርግም" አለችኝ። አያደርግም አልኳት። እንዴት እንደማያደርግ ግን እኔም አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጠገነው፣ ሁለት ጊዜ ተበላሸ። ሌላ ማን ነካው? ማንም።

እራቷን አልበላችም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 9

ሞጣ ሰምታለች። ወሬ ፍሬን የለውም። ወይዘሮ ይርጋነሽ በአንድ ነጋዴ በኩል፣ "ልጄን ነፍሰ ገዳይ ካለ ሰው ደጃፍ ሽማግሌ አላቆምም" ብላ ልካለች።

ያለ ሽማግሌ ደግሞ ጋብቻ የለም። ንግስት ለቅሶዋን አቁማለች። ስታለቅስ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 12

ወዳጄ መሪጌታ ቀለሙ ሊጠይቁኝ መጡ። ደብረ ወርቅ አብረን ቅኔ ቤት ነበርን፤ እሳቸው መሪጌታ ሆኑ፣ እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ። የመኪናዋን ነገር አጫወትኳቸው። ትንሽ ዓይናቸውን ጨፍነው፣

ከላይ የኔታችን አብጠው ቢቀመጡ፣
ደቀ መዛሙርቱ ፍሬን ከየት ያምጡ?

አሉ። ፍሬን! መኪናውም ፍሬን፣ ዛፉም ፍሬን። ሳቅኩ። ይህ "ከላይ" ያሉት ማንን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ሞተሩ አጠገብ ያለውን ነዋ፣ ሌላ ከላይ ማን አለ አሉኝ፤ ግን መስኮቱን አይተው ነው። ሲወጡም ያቺን ነገር ለማንም እንዳትናገራት አሉ። እዚህ ጻፍኳት እንጂ አልተናገርኩም።

ጉልበቴ በጣም ቀላ። ዘይቱን ጨመር አደረግኩበት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 17

ዛሬ የሆነውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው...

ትናንት ንግስት የኔታን በነጠላዋ ሸፍና ለታዘበው አድርሳለታለች። በላቸው አላወቀም። የኔታ በነጠላ ሥር ተደብቀው ሲሄዱ ታየኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ግን የኔንም ጠርሙስ የምሸሽገው እንደዚያው በጋቢ ሥር ነው፤ ጉልበቴ ሲያመኝ ከመንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እንዳሸው። እንደዚያ አድርጌ፣ በዱላ፣ ቀስ እያልኩ ታዘበው ጋ ወረድኩ። ላጽናናው ብዬ ነው... በል፣ ላሾፍበትም ብዬ ነው።

የኔታን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷቸዋል። ሁለቱ ያበጡ ቆቦች ጎናቸው። ዓይኑ ጎድጉዷል። ሥራዬን ትቼ ሞጣ ልገባ ነው አለ። የራሱን እጅ መጠርጠር ጀምሯል፤ ምናልባት ሳላውቀው ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆናል ይላል።

ጉልበቴን ገልጬ አሳየሁት። እኔና እነዚህ ቆቦች አንድ በሽታ ነው ያለብን፣ እስቲ ከመድኃኒቴ ላቅምሳቸው ብዬ ጠርሙሱን ዘቅዘቅ አደረግኩባቸው።

እጄን ያዘ። አሸተተ። በጣቶቹ መካከል አሸው። ደግሞ አሸተተ።

"አባባ... ይህን ከየት አመጡት?"

"ምራቴ ሰጠችኝ።"

"ጉልበትዎን በዚህ ነው የሚያሹት?"

"ከኅዳር ጀምሮ።"

"አባባ፣ ይህ የፍሬን ዘይት ነው።"

ውጭ አህያ ጮኸ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የገባኝ። የፍሬኑ ዘይት እኔ ጋ ካለ... መኪናዋ ጋ ያለው ምንድን ነው?

"ኑግ" አልን ባንድ አፍ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ወለል አለ። ታዘበው እየጠገነ ይሄዳል፤ በላቸው ከኋላ የኑግ ዘይት ይሞላበታል። የፍሬን ዘይት በስሙ ነው ዘይት አለኝ ታዘበው፤ ዘይት አይደለም። እውነተኛው ዘይት ላስቲክ ሲያገኝ ያሳብጠዋል። ይህን አውቃለሁ፣ ግን ማን ኑግ ይጨምራል ብዬ ላስብ? አለኝ። ልጁ ሊስቅም ሊያለቅስም ፈልጎ ሁለቱም አልመጣለት አለ።

እኔ የመኪናዋን ስቀባ፣ እሷ የኔን ስትጠጣ ከረምን። በዘይት ያበጠች ላስቲክ ናት፤ ዘይት ባልሆነ ዘይት የተላጠ ጉልበት ነው። በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ራሱ ታዘበው አጠበልኝ። ተንበርክኮ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

በላቸውን ግቢ ውስጥ ጠራሁት። የፍሬን ዘይትህን አምጣ አልኩት። አመጣ። ጣትህን ንከርና ላስ አልኩት። አባቴ ጃጀ ብሎ ፈራ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ላስ፣ ጾም አይፈታም አልኩት።

ላሰ። ቆየ። ደግሞ ላሰ።

"ኑግ ነው" አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

አምሳለች ከማጀት ወጥታ ነገሩን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ዘይት አላችሁ፣ ዘይት ሰጠሁ። የትኛውን ዘይት ብሎ የለየ አለ?" የለም። ሁለታችንም አልለየንም። ይህ ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቶ ሲያበቃ በሷ ይፈረዳል? ስቃ ስቃ እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች። በላቸው ግን አልሳቀም። ሄዶ የመኪናዋ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ሂድና ልጁን ይቅርታ በለው አልኩት።

"አባባ፣ ልጄን ከሚፈልግ ሰው ደጅ ሄጄ ምን እላለሁ? ይቅርታ ያልኩት ሰው ልጄን ውሰዳት አለኝ ቢልስ? የሴት አባት ደጅ ይጠናል?"

እውነቱን ነው። በአገራችን የሴት አባት ደጅ አይጠናም። ይርጋነሽም እሱ ይቅርታ ካላለ ሽማግሌ አትልክም። እሱ አይሄድ፣ እነሱ አይመጡ... እንግዲህ ይህችኛዋን ቀዳዳ የደፈናት እብጠት በምን ይሟሽሻል? ግራ ገባኝ። የመኪናዋ ሲገባኝ የሰዎቹ ጠፋኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 24

መኪናዋ ተገፍታ ታዘበው ደጅ ሄደች። በላቸው አልሄደም፤ መኪናዋን ላከ። ይቅርታ በመኪና ይላካል እንዴ?

ታዘበው የኔታን ከነደቀ መዛሙርታቸው፣ ቱቦውንም ጭምር፣ ከጤና ጣቢያ ባገኘው አልኮል አጠበ። ቆቦቹን ሁሉ ቀየረ። አልኮሉ ሲፈስ ሳይ ቆጨኝ። የኔን ጠርሙስ በንግስት እጅ መልሷል፤ ላዩ ላይ በቀይ ቀለም "ለመኪና ብቻ" ብሎ ጽፎበት። ከሥር በትንሹ ደግሞ "ለአባባ አይደለም" ይላል።

ማክሰኞ፣ ጥር 2

ገና ካለፈ ዛሬ ገና ከቢቸና ወጣሁ። ሞጣ ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ከበላቸው ጎን ተሳፈርኩ። ዘመድ ያልኩት ማንን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ እኔ ወለሉን በቀኝ እግሬ እረግጣለሁ፤ ምንም ፔዳል የለበትም፣ ግን ረገጥኩ። ያ ክምር የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ተወቅቷል። ዛሬ አልይዝ ብትል የሚቀበለን ነገር የለም። በላቸው መሐል ቁልቁለት ላይ ረገጠ። ቆመች። እግሩን አነሳ። ተንፏቀቀች። ደግሞ ረገጠ።

"ይይዛል" አለ።

"ይለቃልም" አልኩ።

በግንደወይን በኩል አልፈን ሞጣ ገባን።

እህሉን ሲጭን እኔ ወይዘሮ ይርጋነሽ ቤት ሄድኩ። ትንሽ ሴት ናት፤ ስትናገር ግን ቤቱ ይሞላል። ኑጉን ነገርኳት። አልሳቀችም። ልጄ ስሙ ጠፍቶ ከርሞ አሁን ዘይት ነበር ብትሉኝ ምን ይሠራልኛል፣ ሽማግሌዎቼን ለዚያ ደጅ አልሰጥም አለች።

"እንግዲያው እኔን ላኪኝ" አልኳት።

"እርስዎን? የልጅቷን አያት?"

"ቢቸና ካለ ሽማግሌ ሁሉ ያን በር እንደኔ የሚያውቅ የለም። ውሻው እንኳ አይጮህብኝም።"

ይህን ጊዜ ሳቀች። ሳቋ እንደ ዶማ ነው፣ ከሥር ይነቅላል። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ በጨዋ ደንብ፣ ልጄን ታዘበውን አደራ ብላ ላከችኝ። ተነስታ እጅ ነሳችኝ። እኔም ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔ የማን ወገን ነኝ? በመልስ መንገድ ሁሉ ሳስበው መጣሁ።

እሑድ፣ ጥር 7

ጧት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ ብዬ ወጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ቀለሙን አስከትዬ ተመለስኩና የራሴን በር አንኳኳሁ።

ውሻው መጣ፣ ጭራውን ቆላ። በላቸው ከፈተ።

"አባባ፣ በሩ ክፍት ነው እኮ።"

"አባባ አይደለሁም። ከሞጣ፣ ከወይዘሮ ይርጋነሽ ቤት ተልከን ነው የመጣን።"

መሪጌታን አያቸው። መሪጌታ ሰማዩን ያያሉ። ግቡ አለ፣ ገባን። ተቀመጡ አለ፣ አንቀመጥም አልን። ከራሴ መደብ አጠገብ እንደ እንግዳ ቆምኩ። አምሳለች የምታደርገው ጠፍቷት የገና ጠላ አመጣች፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አፋችንን አንነካም አልናት። ጠላው ሸተተኝ። እኔው ነኝ ትናንት የቀመስኩት።

እንደ ደንቡ ተናገርኩ። ታዘበው የሚባል ልጅ አለን፣ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን። ከመጋረጃው ጀርባ የንግስት እግር ይታያል፤ አንዱ በአንዱ ላይ።

በላቸውም ደንቡን ያውቃል።

"ዘመድ ላማክርና ቀጠሮ ልስጣችሁ" አለ።

"ከዘመድ ማንን ታማክራለህ?"

"አባቴን።"

መሪጌታ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት ሥላሴ ያውቃሉ።

"አባትህን አታገኘውም፣ ወደ ሞጣ ዞሯል" አልኩት። "ደግሞ ቀጠሮ ብትሰጠኝ እኔ የት አድራለሁ? መልስ ያላገኘ ሽማግሌ እምቢ ባለው ቤት አይበላ፣ አይተኛ።"

ይህን ጊዜ ግራ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዱላዬ ወለሉን መታው፣ ጠክ ጠክ አለ። በላቸው አየው። ፊቱ ተለወጠ።

"አባባ፣ ተቀመጡ።"

"አልቀመጥም።"

"ገዳይ ብዬዋለሁ እኮ" አለ ቀስ ብሎ። "ሰው ፊት። በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

"ማክሰኞ ቁልቁለቱ ላይ ስትረግጥ ማንን አምነህ ነው የረገጥከው?"

ቀኝ እግሩን ቁልቁል አየ።

"ይያዝ ብለህ ረገጥክ፣ ያዘልህ። በል አሁን አንተ ልቀቅ።"

ጠርሙሱ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ በቀይ የተጻፈበት። በላቸው ለረጅም ጊዜ አየው። "ለአባባ አይደለም" የምትለዋን ሲያነብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተነሳ፣ ክንዴን ያዘ፣ መደቤ ላይ አስቀመጠኝ።

"እሺ ብያለሁ። ለሞጣዎቹ ንገሩልኝ። ልጁም ይምጣ... እኔው ሄጄ አመጣዋለሁ። አሁንማ አማቼ ነው፣ ነውር የለውም።"

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። አምሳለች እልል አለች። ጠላው መጣ። በላቸው ኮቱን ደርቦ ወጣ፤ በመስኮት አየሁት፣ ወደ ገበያው ዳር ሲወርድ፣ በእግሩ፣ መኪናዋን ትቶ።

እስካሁን ያልገባኝ ነገር ብዙ ነው። ሠርጉ ቀን ከየትኛው ወገን ነው የምቀመጠው? ከሰጪ ነው ከተቀባይ? ከተጣሉስ ለማን አዳላለሁ? መሪጌታን ጠይቄ ነበር፤ ወጡ ከበዛበት ወገን ተቀመጥ አሉኝ።

ለራሴ እንኳ ብጽፍ አንድ ነገር መታረም አለበት። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ ያልኩት ውሸት ነው። ልጁ ካጠበልኝ ወዲህ ደህና ነው፤ እንደ ዓምድ ቆሞልኝ ነበር። መንቀጥቀጡን ከራሴ አላመጣሁትም። ከበላቸው እጅ ላይ ነው የወሰድኩት፣ ከደብረ ወርቅ በእግሩ የመጣ ዕለት ካየሁት።